"ስንት ሲሲ ነው?" የቤተሰብ መኪና ገዢ ሒሳብ

የቤት መኪና ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ "ስንት ሲሲ ነው?" የሚል ነው። ደላላው መልሱን አያጣውም። ባለ 1000 ከሆነ "ነዳጅ አይነካም" ይላል፤ ባለ 1300 ከሆነ "ዳገት አይፈራም" ይላል፤ ባለ 1600 ወይም ባለ 1800 ከሆነ ደግሞ "መኪና ማለት ይኼ ነው" ብሎ ኮፋኖውን ይከፍታል። ሦስቱም አባባሎች ግማሽ እውነት አላቸው። የቀረውን ግማሽ ገዢው የሚያውቀው መኪናውን ከተረከበ በኋላ በማደያና በጋራዥ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም ካስታወቀ ወዲህ፣ የቤንዚን መኪና ንግድ በአመዛኙ አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበት ገበያ ሆኗል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ በመምጣቱም በ2017 ዓ.ም የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ወደ ላይ ተጉዟል። እንግዲህ ያልሆነ ሞተር የመረጠ ሰው በቀላሉ ሽጦ ሌላ የሚያስመጣበት ጊዜ አይደለም።

ሲሲ ምን ይለካል?

ሲሲ ማለት ፒስተኖቹ በሲሊንደራቸው ውስጥ ከታች እስከ ላይ ሲመላለሱ የሚጠርጉት ቦታ ድምር ነው። 1000 ሲሲ አንድ ሊትር መሆኑ ነው። ቦታው በሰፋ ቁጥር ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ይበዛል፤ አየር በበዛ ቁጥር አብሮት ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚን ይበዛል፤ ጉልበትም ከዚያው ይገኛል። ስለዚህ ሲሲ የሚለካው የሞተሩን ሳንባ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም። የሞተሩን ጥንካሬ፣ ዕድሜውን ወይም ንጽሕናውን ግን አይለካም። ይህን ማስታወስ ያስፈለገው በገበያው ውስጥ "ትልቅ ሞተር አይሞትም" የሚል እምነት ስላለ ነው። ዘይቱ በወቅቱ ያልተቀየረለት 1800 ሲሲ ሞተር በአግባቡ ከተያዘ 1000 ሲሲ ሞተር ቀድሞ ጭስ ይጀምራል።

የ1300 መስመር

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ትናንሽ ሞተሮች የበዙት ሰዉ ሁሉ ስለወደዳቸው ብቻ አይደለም። የታክስ ሕጉ ነው የመረጣቸው ማለት ይቻላል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 እስከ 1300 ሲሲ ባለው አውቶሞቢል ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ባለው ላይ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 100 በመቶ ይጥል ነበር። በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1186 ሲተካ አዲስ ሆኖ ከ1300 ሲሲ የማይበልጠው መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አለ፤ ያገለገሉት ላይ የሚጣለው ግን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ወጣ።

ኤክሳይዙ ከጉምሩክ ቀረጡ በኋላ የሚሰላ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱም በእርሱ ላይ የሚቆለሉ በመሆናቸው በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት ቀላል አልነበረም። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ አዲስ ባለ 1299 ሲሲ መኪና 5 በመቶ ሲከፍል፣ ባለ 1301 ሲሲው 60 በመቶ ከከፈለ የመጨረሻ ዋጋቸው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይለያያል። በሁለት ሲሲ ልዩነት! ባለ 1197 ሲሲው ሱዙኪ ዲዛየር በከተማው እንዲበዛ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ራሱ የሚስትባት ነጥብ አለች። "ባለ 1.3" ተብሎ የሚጠራ ሞተር ሁሉ ከ1300 በታች አይደለም። በሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ላይ የተገጠመው የቶዮታ ሞተር 1296 ሲሲ ነው፤ ቀድሞ በመጣው ቪትዝ ላይ የነበረው 1298 ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠራው ቪትዝና ያሪስ ላይ የሚገኘው "1.3" ግን 1329 ሲሲ ሲሆን፣ በድሮዎቹ ኮሮላዎች ላይ የነበረውም 1331 ነበር። ሕጉ የሚያነበው ቁጥሩን እንጂ ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስላልሆነ አስመጪው በታክስ የሚለይባቸው ሁለት "1.3" ሞተሮች ነበሩ። ዛሬ ይህ ታክስ ቀድሞ ተከፍሎ ያለቀ ጉዳይ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው "ይኼኛው ብዙ ቀረጥ የተከፈለበት ነው" ተብሎ ዋጋ ቢጨመርበት ሊቀበለው አይገባም። ገበያው የሚከፍለው መኪናው አሁን ለሚሰጠው አገልግሎት ነው።

አየሩ የቀነሰውን

በመኪና ፋብሪካዎች ጽሑፍ ላይ የሚታየው የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ወለል አካባቢ ባለ አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ እስከ አራተኛ እጅ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚጓዘው።

ይህን በቁጥር እንየው። ባለ 996 ሲሲው የቪትዝ ሞተር ወደ 70፣ ባለ 1296ቱ ደግሞ ወደ 87 የፈረስ ጉልበት አላቸው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ወደ 54፣ ሁለተኛው ወደ 67 ዝቅ ይላሉ። ይህም ቢሆን ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር የሚገኝ ነው፤ ቤተሰብ ጭኖ እንደዚያ እያስጮኸ የሚነዳ የለም። በ3,000 ዙር አካባቢ፣ ማለትም ሰው በተለምዶ በሚነዳበት ሁኔታ፣ ትንሹ ወደ 30 ትልቁ ወደ 37 ይሰጣሉ።

አሁን አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አያት ተሳፍረው ዕቃም ተጭኖ አጠቃላይ ክብደቱ 1,400 ኪሎ ግራም ይሁን። መኪናው ራሱ ወደ 1,000 ኪሎ ስለሚመዝን የተጨመረበት 40 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ መኪና በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከ25 እስከ 30 የሚደርስ የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። ኤሲ ከተከፈተ ጥቂት ይጨመርበታል። እንግዲህ ባለ 1000ው ያለው ሁሉ ያለቀበት ቦታ ይህ ነው። ማርሽ መቀነስ፣ ሞተሩን ማስጮህ፣ ወይም ፍጥነቱን መተው ግድ ይሆንበታል። ባለ 1300ው ገና ጥቂት ተርፎታል። ያቺ የተረፈች ሰባት ፈረስ ከተማ ውስጥ ትርጉም የላትም፤ ከኋላ ሲኖትራክ እየተከተለ ዳገት ላይ ለመቅደም ሲታሰብ ግን ትርጉሟ ይገለጣል።

ወደ አዳማ ሲወርዱ ማንኛውም ሞተር ጎበዝ ነው። ዳገቱ የሚወጣው በመልሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፈጣን መንገድ ላይ እሑድ ማታ ከአዳማ የሚመለሱ፣ ሰው የሞሉ ትናንሽ መኪኖች ቀኙን ይዘው የሚያዘግሙት ሾፌሮቹ ሁሉ ጠንቃቆች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በዓባይ በረሃ በኩል ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚያስበው ስለ መውጣቱ ብቻ መሆን የለበትም፤ ትንሽ ሞተር መኪናውን በማርሽ ይዞ የማውረድ አቅሙም አነስተኛ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም ቢሆን ዝቅተኛው ማርሽ ላይ መደረግ አለበት።

አዳዲሶቹ ባለ ተርቦ ሞተሮች ከዚህ ሒሳብ ይለያሉ። ተርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ የከፍታ ጉዳት በጣም ይቀንስላቸዋል፤ ባለ 1200 ወይም ባለ 1500 ተርቦ አዲስ አበባ ላይ ተርቦ ከሌለው ባለ 1800 ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ተርቦው ራሱ ከተበላሸ ወጪው ሌላ ነው፤ የዘይቱ ጥራትና የመቀየሪያው ጊዜም ምሕረት የለውም። የኤሌክትሪክ መኪና በበኩሉ አየር ስለማይስብ ከፍታ አይነካውም። ሲሲም የለው፤ እዚያ የሚጠየቀው የባትሪው መጠንና ጤንነት ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ይወጣል።

ነዳጁ በብር

"ትንሽ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል" የሚለው እውነት የሚሆነው መቼ ነው? ከተማ ውስጥ፣ በባዶው ወይም አንድ ሁለት ሰው ይዞ ሲነዳ ነው። በተለይ በመጨናነቅ ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚበላው ነዳጅ ከስፋቱ ጋር ይያያዛል፤ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ እየቆሙ ለሚሄዱ ሰዎች ትልቁ ሞተር በከንቱ ይበላል። በሙሉ ጭነት ዳገት ላይ ግን ትንሹ ሞተር ነዳጅ ፔዳሉ ወለል እስኪነካ ተረግጦ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በብዙ ዙር ስለሚሠራ ልዩነቱ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ይገለበጣል። ባለ 1000 ገዝቶ "ነዳጅ በላብኝ" ብሎ ካንዴላ የሚያስቀይረው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ካንዴላው ላይ ሳይሆን አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ለሒሳቡ እንዲመች የቤንዚን ዋጋ በሊትር 120 ብር፣ የቤተሰቡ የዓመት ጉዞ 12,000 ኪሎ ሜትር፣ በባለ 1000ውና በባለ 1300ው መካከል ያለው የከተማ ልዩነት በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ይሁን። ከ12,000ው ውስጥ 4,000ው ከነጭነቱ ከከተማ ውጭ የሚነዳና ልዩነት የማይታይበት ነው ቢባል፣ ልዩነቱ የሚታሰበው በ8,000ው ላይ ነው። ይህም በዓመት 80 ሊትር፣ በብር 9,600 ይሆናል።

በዚህ ላይ ባለ 1300ው ሲገዛ በ150,000 ብር ይበልጣል እንበል። ይህ ገንዘብ ባክኖ የሚቀር አይደለም፤ መኪናው ሲሸጥ አብዛኛው ይመለሳል። ነገር ግን ታስሮ ይቀመጣል። በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 10,500 ብር ያስገኝ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ትልቁ ሞተር በዓመት 20,100 ብር፣ በወር 1,675 ብር ያስወጣል ማለት ነው። ነጋዴ ገንዘቡን ሱቁ ውስጥ ቢያዞረው ከ7 በመቶ በላይ ያገኝበታልና ለእርሱ ወጪው ከዚህም ከፍ ይላል።

ስለሆነም ጥያቄው "የትኛው ይቆጥባል?" የሚል ሳይሆን ቤተሰቡ በወር ስንት ጊዜ አምስት ሆኖ ከከተማ ይወጣል የሚል ነው። በዓመት ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ብቻ ከሆነ፣ ያቺን 20,100 ብር ይዞ ለሁለቱ ጉዞ ሰፊ መኪና ከነሾፌሩ መከራየት ይሻላል፤ ከዚያ የሚተርፈውም ለቦሎና ለኢንሹራንስ ይደጉማል። በየሳምንቱ ቤተሰብ ጥየቃ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ቢሾፍቱና ከዚያም ማዶ የሚወጣ ከሆነ ግን ባለ 1300ው ገንዘቡን ያወጣል።

ከ1300 ወደ 1600ና 1800 ሲኬድ ሒሳቡ ይጠነክራል። ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ከሆነ በ12,000 ኪሎ ሜትር 28,800 ብር ነው። ይህን ለመክፈል ከነዳጅ ሌላ ምክንያት መኖር አለበት፤ ኮሮላ የሚያህል ሰፊ አካል፣ ሻንጣ የሚችል ግንድ፣ ወይም መኪናው ብዙውን ጊዜ በረዥም መንገድ ላይ መዋሉ። ለምሳሌ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በየሳምንቱ የሚመላለስ ነጋዴ ትልቁን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሞተሩ ሳይጨነቅ ስለሚሄድ ራሱም ሳይጨነቅ ይደርሳል። በትልቅ አካል ላይ ትንሽ ሞተር የተገጠመበት መኪና፣ ለምሳሌ ባለ 1300 ኮሮላ፣ ከሁሉ በላይ ማመዛዘን የሚፈልግ ነው፤ አካሉ ብዙ ሰውና ዕቃ ይጋብዛል፣ ሞተሩ ደግሞ የቪትዙ ዘመድ ነው።

ለሥራ የሚገዛው ተወዳዳሪ

የቤተሰብ ገዢ ገበያው ውስጥ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ ለራይድና ለመሰል የታክሲ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ቆሟል። የዚያ ሰው መኪና በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የአንድ ሊትሯ ልዩነት ለእርሱ 48,000 ብር ናት። በመሆኑም ለትንሽ ሞተር ከቤተሰቡ የበለጠ ለመክፈል ምክንያት አለው። ትናንሽ ሞተር ያላቸው ቪትዝ፣ ያሪስና ዲዛየር ዋጋቸው እንደ ሞተራቸው ትንሽ ያልሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ቤተሰብ በሥራ መኪና ዋጋ የቤት መኪና ይገዛል ማለት ነው።

ይህ ለገዢ መጥፎ ቢሆንም ለሻጭ ጥሩ ነው። መኪናን እንደ ጥሪት የሚይዙ ከተሜዎች ለትንሽ ሞተር የሚያደሉት ገንዘብ ሲያስፈልግ ቶሎ ስለሚሸጥ ነው። ትልቁን ሞተር የያዘው ሰው ገዢው አነስተኛ ስለሆነ መጠበቅ ወይም ዋጋ መልቀቅ ይኖርበታል። ተቃራኒውን የሚያስብ ገዢ ደግሞ ከዚሁ ሊጠቀም ይችላል፤ በዓመት ከ8,000 ኪሎ ሜትር በታች ለሚነዳና መኪናውን ለረዥም ጊዜ ለሚይዝ ቤተሰብ፣ ገበያው ፊቱን ያዞረበት በደንብ የተያዘ ባለ 1600 ከተጋፉበት ባለ 1000 የተሻለ ግዢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ትንሹን ሞተር የሚመርጠውም ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ለሥራ ሲሮጥ የኖረ መኪና "የሴት መኪና ነው፤ ሥራ ደርሶ መልስ ብቻ" ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል፤ የወንበር መተርተር፣ የመሪ መላጥና የፔዳል ጎማ መበላት ግን በቀላሉ አይደበቁም።

መለዋወጫውን በተመለከተ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት የለም። ሞዴሉ በከተማው የበዛ ከሆነ ሶማሌ ተራ ዕቃው አይጠፋም፤ ብርቅ ከሆነ ደግሞ ሲሲው አያድነውም።

ከመፈራረም በፊት

ሊብሬው ላይ ሲሲው፣ የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ተጽፈዋል። ገዢው ኮፋኖውን አስከፍቶ በሞተሩ አካል ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር አለበት። አሮጌው ሞተር አልቆ ሌላ የተገጠመበት መኪና ይኖራል፤ ሊብሬው 1300 እያለ የተገጠመው 1000 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ ላይ ችግር ይፈጠራል፤ ከዚያ በፊት ግን ገዢው ያልገዛውን ጉልበት ከፍሏል።

ሙከራውም በሜዳ ላይ መሆን የለበትም። ደላላው ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ዙር አዙሮ መመለስ ይወዳል። ገዢው በተቃራኒው በሚመላለስበት ሰዓት፣ የሚጭነውን ያህል ሰው ጭኖ፣ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ዳገት መሃል መኪናውን አቁሞ እንደገና ማስነሣት አለበት። ኤሲውን ከፍቶ ይሞክር። ማንዋል ከሆነ የፍሪሲዮን ሽታ መኖሩን፣ አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮው ሳይንገዳገድ ማርሽ መቀነሱን ያስተውል። ዳገቱን ጨርሶ እንደወጣ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ከፍ ካለ ወይም ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከታየ፣ ያ ሞተር ፋሻው አልቋል ወይም ቴስታታው ችግር አለበት ተብሎ ይጠረጠራል፤ መካኒክ ሳያየው ቀብድ አይሰጥም። ሻጩ ለዚህ ሙከራ መኪናውን ለመስጠት ካመነታ በዚያው ዋጋ የሚገኝ ሌላ መኪና ማየት ይቻላል።